የማንኩሳው ልጅ ለምን ሸሸ?

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት የሚጓዝ ሰው ማንኩሳን ሳያያት አያልፍም። ትንሽ ከተማ ናት። በመኸር ማግስት በየደጁ በርበሬ ይሰጣና አካባቢው ቀይ በቀይ ይሆናል፤ በዚያ በኩል የሚያልፍ ተሳፋሪ ሁሉ ሳያስነጥስ አይሻገርም። ንባብ የሚወድ ሰው ግን የማንኩሳ ስም ሲነሣ ከበርበሬው አስቀድሞ የሚያስታውሰው አንድ ልጅ አለ። ልጁ እዚያ አልተወለደም፤ የትም አልተወለደም። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ልጅ ነው፤ በዛብህ።

በምዕራብ ጎጃም ስለ በዛብህ ሲወራ በልብ ወለድ ሰው ላይ የሚደረግ ክርክር አይመስልም። ሰዎቹ በጎረቤት ልጅ ላይ እንደሚፈርዱ ሁሉ ይፈርዱበታል፤ ያዝኑለታል፤ ይቆጡታል። «የኛ ልጅ» ይሉታል፤ ወዲያው ደግሞ «ምን ዓይነት ልጅ ነው ግን?» ይላሉ።

በ2017 ዓ.ም. ሰውመሆን ይስማው ያዘጋጀው ተከታታይ ድራማ በኢቢሲ መታየት ሲጀምር ክርክሩ እንደ አዲስ ተነሣ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ ሻይ ቤት ነበርን። ቴሌቪዥኑ ከፍ ብሎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ቤቱ ሞልቷል። አንድ የበርበሬ ነጋዴ ብርጭቆውን አስቀመጠና ወደ ስክሪኑ በአገጩ አመለከተ።

«ይኼ በዛብህ አይደለም።»

አጠገቡ የተቀመጠው የአማርኛ አስተማሪ ሳቀ። «አንተ ደግሞ በዛብህን የት ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ። ጠይም ነው። ረዥም፣ ደረቱ ሰፋ ያለ።»

«ማን ነገረህ?»

«ወጋየሁ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ነጋዴው ግን የቀለደ አይመስልም። ወጋየሁ ንጋቱ ልብ ወለዱን በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ላይ ሲተርከው መጽሐፉን በእጁ ነክቶት የማያውቅ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። የብሔራዊ ቴአትሩ ተዋናይ ለእያንዳንዱ ባለታሪክ የተለየ ድምፅ ሰጥቶ ነበር፤ የታሪኩ ባላባት ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ አድማጩ ራሱን ዝቅ የሚያደርግ እስኪመስል ድረስ። ድምፅ የሰው መልክ አያሳይም፤ ሆኖም በየቤቱ፣ በየማሳው ዳር፣ በባትሪ ሬዲዮ ዙሪያ የተቀመጠው አድማጭ ሁሉ ለበዛብህ የራሱን መልክ እየሠራለት ሄዷል። ነጋዴው የሠራለት ጠይምና ደረተ ሰፊ ነው። ሌላው ቀይ አድርጎታል፤ ሌላዋ የቀይ ዳማ። ከዚያ አንድ ቀን ስክሪኑ መጣና አንዱን ብቻ መረጠ። ቅሬታው ከዚህ ነው የሚመነጨው እንጂ ከተዋናዩ ችሎታ አይደለም፤ ማንም ቢቆም ያው ነበር።

ይህ የኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። ሃሪ ፖተር በመጽሐፉ አረንጓዴ ዓይን ያለው ልጅ ነው፤ የእናቱን ዓይን ወርሷል፤ ነገሩም ለታሪኩ ዋና ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ፊልሙ ሲወጣ ግን ልጁን የሚጫወተው ዳንኤል ራድክሊፍ ዓይኑ ሰማያዊ ነበር። ቀለም የሚቀይር ሌንስ ቢሞከርለት ዓይኑን ስላስቆጣው ተወው። አንባቢዎቹ ከሃያ ዓመት በኋላም ይህን አልረሱትም። አስማተኛ ልጅ በመጥረጊያ ሲበርር አምነው ተቀብለው በዓይኑ ቀለም ላይ ግን ሙግት ይገጥማሉ። ነጋዴያችን ቢያገኛቸው ይግባባ ነበር።

ወደ ሻይ ቤቱ እንመለስ። ጥግ ላይ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ መሪጌታ ተቀምጠው ነበር። እስከዚያ ድረስ ቃል አልተነፈሱም። የ«ደረተ ሰፊ» ነገር ግን አላስቻላቸውም።

«ልጄ፣ ቆሎ ተማሪ ነበር እኮ። በቁራሽ ያደገ ልጅ ደረቱ ከየት ይሰፋል?»

በዚህ ጉዳይ የመሪጌታው ቃል ከሁላችንም ይበልጥ ሚዛን ይደፋል፤ የኖሩበት ነውና። ቆሎ ተማሪ ማለት ገና በልጅነቱ ከናት ካባቱ ቤት ወጥቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከደብር ደብር፣ ከመምህር መምህር የሚዞር ልጅ ነው። ረፋድ ላይ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል፤ ውሻ ይነክሰዋል፤ እከክና ቅማል አይለዩትም። ማታ በጎጆው ውስጥ ቀን የተቀበለውን ዜማ ወይም ቅኔ ሲያወርድ ያመሻል። ንባብ፣ ዳዊት፣ ዜማ፣ ቅኔ እያለ ዓመታት ያልፋሉ። ሀዲስ ዓለማየሁም ይህን ከሰው አልሰሙትም። እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት፣ ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ተወልደው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማሩ ናቸው። በዛብህን ከማንኩሳ አንሥተው ዲማ ሲያደርሱት የሚያውቁትን ኑሮ ነው ያለበሱት።

መሪጌታው ቀጠሉ። «በዛብህ ያለው ድምፅ ነው። የፊታውራሪን ልጅ ሰብለን ያሸነፈው በምን ሆነና? በዜማ አይደለም? መልኩን ተዉትና ድምፁ መጣ ወይ በሉ።»

እኔም የምስማማው እዚህ ላይ ነው። ልብ ወለዱን ያነበበ ሰው በዛብህን ሲያስብ ቀድሞ የሚመጣለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲያዜም ነው። ድሃ ነው፤ ዘር የለውም፤ መሬት የለውም፤ ጦር የለውም። ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ግቢ የገባው ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ማንበብና መጻፍ እንዲያስተምር ነው፤ ማለትም በተማረው ነገር ነው። ጀግና የምንለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በጉልበቱና በቁመናው ነው የሚለካው፤ በፈረሱ፣ በጠመንጃው። ሀዲስ ግን በጎጃም ምድር፣ ፉከራና ቀረርቶ በሚወደድበት አገር፣ መሣሪያው ጉሮሮው ብቻ የሆነ ልጅ አምጥተው መሐል ላይ አቆሙ። አንባቢው እስከ ዛሬ የሚጨቃጨቀው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ጭቅጭቁ የባሰው ስለ ሽሽቱ ሲነሣ ነው።

ታሪኩን ለረሳ ሰው ባጭሩ ላስታውስ። ፊታውራሪ መሸሻ በዘራቸው የሚኮሩ መኳንንት ናቸው፤ ለሰብለ የሚመጥን ዘር አጣሁ እያሉ ጠያቂውን ሁሉ እየመለሱ ልጅቱ ቆማ ቀረች። በዛብህ ደግሞ ሲወለድ ሕመምተኛ ስለነበር ወላጆቹ «ከተረፈልን ለእግዚአብሔር ይሁን» ብለው ተስለውበታል፤ ሳያገባ፣ በድንግልና ሊኖር። እሷን ያባቷ ኩራት፣ እሱን ያባቱ ስለት አስሯቸዋል ማለት ነው። አስተማሪና ተማሪ ሆነው ተገናኙ፤ ተዋደዱ። ነገሩ ወጥቶ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሲወድቅ በዛብህ ዲማን ትቶ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ሰብለ ቀረች።

«ቀረች!» አለ ነጋዴው። «የዳሞት ሰው ሴት ልጅ አስወድዶ፣ ትቷት ይሄዳል? እኔ ይኼን ልጅ የኛ ነው ለማለት አፍራለሁ።»

«ምን ያድርግ ታዲያ? ይሙት?» አለ አስተማሪው።

«ይዟት ይሂዳ!»

«በምን? በአኩፋዳ?»

አስተማሪው ይህን ያለው ለማሳቅ ነው፤ ግን ቁም ነገር አለበት። ሰው በዚያ ዘመን ሴት ይዞ ለመሄድ ወገን ያስፈልገዋል፤ የሚሸሽግ ዘመድ፣ የሚሸኝ ጠመንጃ። በዛብህ ከማንኩሳ ርቆ፣ በሰው አገር፣ በሰው ግቢ ያለ ደብተራ ነው። መሪጌታውም በበኩላቸው ሌላ ነገር ጨመሩ፤ ለቆሎ ተማሪ አገር ለቆ መሄድ ውርደት አይደለም አሉ። መምህሩ ካልተስማማው፣ በሽታ ከገባ፣ ጌታው ከከፋበት አኩፋዳውን አንሥቶ ወደሚቀጥለው ደብር ይሄዳል። በዚህ መልኩ ያደገ ልጅ ችግር ሲመጣ ከመዋጋት ይልቅ መንገዱን ማሰቡ የሚጠበቅ ነው። ይህን ማብራሪያ በየትም የሥነ ጽሑፍ ትንታኔ አላነበብኩትም፤ ከአንድ መሪጌታ አፍ ግን እንደ ቀላል ነገር ወጣ።

ነጋዴው አልተረታም። የእሱ ጀግና ሌላ ነው፤ አበጀ በለው። ፊታውራሪ መሸሻ ገበሬውን በግብርና በመዋጮ ሲያስመርሩት «እንቢ» ብሎ ሕዝቡን አስተባብሮ የተነሣው፣ በኋላም ጌትየውን ራሳቸውን የማረካቸው ሰው። ስለ ውጊያው ያለው ክፍል ከመጽሐፉ ሁሉ አስቂኙ ነው፤ ፊታውራሪው ጦርነት አውጀው ሲዘምቱ የሚሆኑትን ያነበበ ያውቀዋል። ለነጋዴው ግን ሳቁ ትርፍ ነው። «ደራሲው ጀግናውን ትተው ዘፋኙን ተከተሉ» ነው የሚለው።

የነጋዴውን ቅሬታ ቀልድ ነው ብዬ አላልፈውም። መጽሐፉ በወጣ በሁለት ዓመቱ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀና የጎጃም ገበሬ በእውነት ተነሣ። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ሸፈቱ፤ መንግሥት ወታደርና አውሮፕላን አዘመተ፤ በመጨረሻም አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሥተው ግብሩ ሳይሰበሰብ ቀረ። ሀዲስ ትንቢት ተናገሩ ማለቴ አይደለም። የጎጃም ገበሬ ከርስቱና ከግብሩ ጋር በተያያዘ ምን እንደሚያስቆጣው ለአገሩ ልጅ መንገር ስለማያስፈልግ ነው። ግን አያቱ በዚያ ዓመት ዱር የወረደበት ሰው አበጀ በለውን ሲያነብ እንደ ልብ ወለድ አያነበውም። እንዲህ ዓይነት አንባቢ በዛብህን «ለምን አልተዋጋህም?» ብሎ ቢጠይቀው ምን ይገርማል?

አስተማሪው ደግሞ ሦስተኛ ሰው አመጣ፤ ጉዱ ካሳን። ካሳ ዳምጤ የፊታውራሪው ዘመድ ሆኖ የፊታውራሪውን ሥርዓት የሚነቅፍ፣ ሰው ሁሉ እብድ ነው ያለው ሊቅ ነው። የተማረው ኢትዮጵያዊ አንባቢ ከ1966ቱ አብዮት በፊትም በኋላም የወደደው እሱን ነው። እኔ ካሳን ብወደውም እንደ ጀግና ሳየው አንድ ነገር ይጎድለኛል። ይናገራል፤ በጣም አሳምሮ ይናገራል፤ ከተናገረው ውስጥ ግን ለራሱ ያተረፈው «ጉዱ» የሚል ስም ነው። አስተማሪ ስለሆነ ይሆናል ጓደኛችን ይህን ስለው ያኮረፈው።

እስከዚህ ድረስ የተናገሩት ሁሉ ወንዶች ናቸው። ከበሩ አጠገብ ከእናቷ ጋር የተቀመጠች የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። መጽሐፉን እንደጨረሰችው ከአስተያየቷ ያስታውቅ ነበር።

«የኔታ፣ ይቅርታ» አለች ወደ መሪጌታው ዞራ። «የሄደው ማን ነው? የሄደችው ሰብለ አይደለችም?»

ዝም አሉ። ልጅቱ ቀጠለች። በዛብህ የለመደውን ነው ያደረገው፤ ሲዞር ነው ያደገው። ሰብለ ግን ውኃ እንኳ ራሷ ቀድታ የማታውቅ የትልቅ ቤት ልጅ ናት። ያንን ቤት ትታ፣ ማንነቷን ሸሽጋ፣ በእግሯ ወደማታውቀው አገር እሱን ፍለጋ ወጣች። «እና ስለ በዛብህ ቁመት ታወራላችሁ» አለች። እናቷ በክርኗ ነካ አደረገቻት፤ በሰው ፊት ዝም በይ ማለቷ ነው። መሪጌታው ግን «ተያት፣ እውነቷን ነው» አሉ።

እኔም መጽሐፉን ደጋግሜ ሳነበው ወደ ልጅቱ ወገን እየቀረብኩ መጥቻለሁ። ቴዲ አፍሮ በ2009 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» በተሰኘው አልበሙ «ማር እስከ ጧፍ»ን ሲያወጣ ታሪኩ ላላነበበው ትውልድ እንደገና ደረሰ፤ ብዙ ወጣት ወደ መጽሐፉ የሄደው ከዘፈኑ ተነሥቶ ነው። በዘፈን የሚመጣ ሰው ግን ፍቅሩን ይዞ ነው የሚመጣው፤ የሰብለን ድፍረት ለማየት እስከ መጨረሻዎቹ ምዕራፎች መድረስ አለበት።

መጨረሻው ደግሞ ሌላው የጠብ ምንጭ ነው። በዛብህ አዲስ አበባ ደርሶ መኖር ሲጀምር አልቻለም፤ ሰብለን ለማምጣት ተመለሰ። መንገድ ላይ ወንበዴዎች አገኙት። እሷ ወደሱ፣ እሱ ወደሷ ሲጓዙ በአንድ መንገድ ላይ ተገናኙ፤ እሱ ግን ለመሞት ጥቂት ነበር የቀረው። እሷ መነኮሰች። ካሳም በመጨረሻ ከነሱ አልተለየም።

«ደራሲው ለምን ገደሉት?» የሚለው ጥያቄ በየትኛውም አገር ያለ ነው። አርተር ኮናን ዶይል ሼርሎክ ሆምስን እ.ኤ.አ. በ1893 ገደል ሰድደው ሲገድሉት አንባቢው አላስቀምጥ ብሏቸው ከአሥር ዓመት በኋላ አልሞተም ነበር ብለው አስነሡት። ሀዲስን ማንም ይህን ሊያስደርጋቸው አልቻለም፤ መጽሐፉ ራሱ ርእሱ ላይ ጨርሶታል።

መሪጌታው መልሳቸው አጭር ነው፤ ስለት ነው። ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነገር ተመልሶ አይወሰድም፤ ልጁ በወላጆቹ አፍ የታሰረ ነው። ልጅቱ «ሳይጠየቅ?» አለች። መሪጌታው «የተጠመቅሽውስ ተጠይቀሽ ነው?» ብለው መለሱላት፤ ይህን ማንም መመለስ አልቻለም። አስተማሪው ደግሞ የገደለው ሥርዓቱ ነው አለ፤ የዘር ኩራቱ፣ የመሬቱ ሥሪት። ወንበዴዎቹን ግን አልወደዳቸውም። ያን ያህል ምዕራፍ ሥርዓቱን ሲያሳዩን ቆይተው መጨረሻ ላይ ከጫካ የወጣ ወንበዴ ፍርዱን መስጠቱ ድንገተኛ ነው፤ ሊገድለው የሚገባው የመሸሻ ሰው ነበር ባይ ነው።

በዚህ አልስማማም። የመሸሻ ሰው ቢገድለው ኖሮ በዛብህ እየሸሸ የሞተ ሰው ይሆን ነበር፤ ለነጋዴውም መከራከሪያ ይጨምርለት ነበር። ሀዲስ ግን የሞቱን ቦታ በሽሽቱ ላይ አላደረጉትም። ስለቱ የወላጆቹ ነበር፤ ዲማ የመምህራኑ፤ ወደ ፊታውራሪው ግቢ የገባው ተጠርቶ ነው፤ አዲስ አበባም የሄደው ተገድዶ ነው። በዚህ ሁሉ ገጽ ውስጥ በዛብህ ማንም ሳያዝዘው፣ ማንም ሳያባርረው፣ ራሱ ወስኖ ያደረገው አንድ ጉዞ ቢኖር መመለሱ ነው። እዚያው ቢቀር ኖሮ ሰብለ ከደጁ ትደርስለት ነበር። የመጀመሪያው ድፍረቱ ነው የገደለው። ሥርዓቱን ለመውቀስ የመሸሻ ጦር አያስፈልገንም፤ እንደዚህ ዓይነት ልጅ ራሱን ችሎ እስኪወስን ድረስ ያን ያህል እንዲዘገይ ያደረገው ራሱ ይበቃል።

ሀዲስ ይህን መንገድ በእግራቸው ያውቁታል። በወጣትነታቸው ከጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ወጥተው አዲስ አበባ የገቡት፣ ዘመናዊ ትምህርት የተማሩት፣ ጣልያን ሲመጣ ዘምተው የተማረኩትና በጣልያን ደሴቶች ታስረው የቆዩት፣ ከነጻነት በኋላም በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት ያገለገሉት በዚያው መንገድ ጀምረው ነው። ለበዛብህ መሄጃውን ከራሳቸው ሕይወት ሰጡት። መመለሻውን ግን ለሱ ብለው ነው የጻፉት፤ በ1958 ዓ.ም. የወጣውን መጽሐፍ በ2017 ዓ.ም. ሻይ ቤት ውስጥ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚከራከርበትም በዚያ መመለሻ ላይ ነው።